«ዳቦ ዳቦ ይላል» ላለችው ልጅ ምን ይመለሳል?

ጥያቄው ከአንዲት እናት የመጣ ነው፦ «ስምንት ዓመት የሞላት ልጄ የመጀመሪያ ቁርባኗን ከተቀበለች ስድስት ወር ሆናት። ያን ሰሞን በደስታ እንቅልፍ አጥታ ነበር። አሁን ቀዝቅዛለች። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ‹ምንም የተለየ ነገር የለውም፤ ዳቦ ዳቦ ይላል› ስትለኝ ደነገጥሁ። ለቅዱስ ቁርባን ፍቅር እንዲያድርባት ብዬ በየሐሙሱ በቅዱስ ቁርባን ፊት በዝምታ ወደሚጸለይበት የስግደት ሰዓት ይዣት እሄዳለሁ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ትቁነጠነጣለች፣ ታዛጋለች፣ ‹መቼ ነው የሚያልቀው?› ትላለች። አያቷ ‹ጌታ ይቀየምሻል› እያሉ ይቆጧታል፤ በተአምር ደም ስለ ፈሰሰው ቁርባንም ይተርኩላታል። ባለቤቴ ደግሞ ‹ገና ልጅ ናት፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላትና ሲገባት ይደርሳል› ይላል። የአራት ዓመቱ ወንድሟ ‹ኢየሱስን ትበሉታላችሁ?› ብሎ ሲጠይቀኝም መልስ አጣሁ። እሑድ አንዳንዴ አርፍደን ከንባቡ በኋላ ብንደርስም ቅዳሴ አናስታጉልም። የተሳሳትሁት የቱ ላይ ነው?»

ልጅዎ የተናገረችው ትክክል ነው። ዳቦ ዳቦ ይላል። ካህኑ የጌታን ቃል ከተናገረ በኋላም የኅብስቱ መልክ፣ ሽታ፣ ጣዕምና ክብደት እንደነበረ ይቆያል፤ ቤተ ክርስቲያን ጣዕሙ ይለወጣል ብላ አስተምራ አታውቅም። የሚለወጠው «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1551 እንዳስቀመጠው የኅብስቱ ሁለንተናዊ ባሕርይ ወደ ክርስቶስ ሥጋ፣ የወይኑም ወደ ደሙ ይለወጣል፤ ዓይንና ምላስ የሚያውቁት ውጫዊ ገጽታ ብቻ ባለበት ይቀራል። የነገረ መለኮት ሊቁ ቅዱስ ቶማስ አኲናስም ከዚያ በፊት፣ ይህን ምሥጢር የሚያውቀው የስሜት ሕዋስ ሳይሆን በእግዚአብሔር ቃል ላይ የቆመ እምነት ነው ብሎ ነበር። እንግዲህ የስምንት ዓመቷ ልጅ ምላሷ የነገራትን በታማኝነት አምጥታ ሪፖርት አድርጋለች። ይህ ክህደት አይደለም፤ እንዲያውም ነገሩን እያሰበችበት እንደሆነ ያሳያል።

ታዲያ ቅዝቃዜው ከየት መጣ? ከደብዳቤዎ ውስጥ በግልጽ ባይጻፍም እገምታለሁ። ከቁርባኑ በፊት በነበሩት ሳምንታት አንድ ትልቅ ሰው፣ ምናልባት እርስዎ፣ ምናልባት መምህሯ፣ «የዚያን ቀን ልዩ ነገር ይሰማሻል» ብሏታል። እኔም በጀማሪነቴ ዘመን ይህን ስል ኖሬአለሁ። ልጆቹ ሲመለሱ አንዷ ብቻ በግልጽ «ምንም አልተሰማኝም» አለችኝ፤ ሌሎቹ እኔን ላለማሳፈር «አዎ፣ ተሰማን» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ከትምህርቴ ውስጥ አውጥቻለሁ። ጌታ የገባው ቃል «ከእናንተ ጋር እሆናለሁ» የሚል ነው፤ «ይሰማችኋል» የሚለውን የጨመርነው እኛ ነን። እኛ የጨመርነው ሳይፈጸም ሲቀር ደግሞ ልጅ የምትጠራጠረው ጌታ የሰጠውን ቃል ነው።

ለእርሷ የሚሰጠው መልስ አጭር ይሁን፦ «ልክ ነሽ፣ ጣዕሙ አልተለወጠም። ምላስ ጣዕምን ብቻ ነው የሚያውቀው። ማን እንደሆነ የነገረን ጌታ ራሱ ነው፤ ‹ይህ ሥጋዬ ነው› ብሏል፤ እርሱ ደግሞ አይዋሽም።» ይህን ብለው ዝም ይበሉ። ተጨማሪ ማብራሪያ የሚያስፈልገው እርሷ ሌላ ጥያቄ ስትጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የቅዱስ ቁርባን ዓመት ሲጠናቀቅ የመጀመሪያ ቁርባናቸውን የተቀበሉ ልጆች በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 16ኛን በጥያቄ አፋጠዋቸው ነበር፤ አንዱ ልጅ የጠየቀው ከልጅዎ ጥያቄ ጋር አንድ ነው፦ ኢየሱስ አለ ይሉኛል፤ ግን እንዴት? አይታየኝም። የተሰጠው መልስ፣ የማናያቸው ነገር ግን ያለ እነርሱ መኖር የማንችላቸው ብዙ ነገሮች አሉ የሚል ነበር፤ አእምሯችን አይታይም፣ ነፍሳችን አትታይም፣ በማይክሮፎኑ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ኃይልም ሥራው እንጂ እርሱ አይታይም። ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ተጠቀሙበት። ግን አይለጥጡት፤ ኤሌክትሪክ ማንንም አይወድም፣ ስም ጠርቶም አያናግርም። በዚህ ጉዳይ ላይ የትኛውም ምሳሌ የሆነ ቦታ ላይ ያፈስሳል፤ ልጆች ደግሞ የሚያፈስሰውን ቦታ ከእኛ ቀድመው ያገኛሉ።

ከምሳሌ ይልቅ እኔ የምመርጠው የኤማሁስን መንገድ ነው፤ ሉቃስ ምዕራፍ 24። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ከተነሣው ጌታ ጋር መንገዱን ሙሉ ሲሄዱ አላወቁትም። ማዕድ ላይ ኅብስቱን አንሥቶ ባረከ፣ ቈርሶም ሰጣቸው፤ ያን ጊዜ ዓይናቸው ተከፈተና አወቁት፤ እርሱም ከእነርሱ ተሰወረ። ታሪኩን ለልጅ ሲያነቡ እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። «አሁን የት ሄደ?» ብለው ይጠይቋት። ልጆች ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ አንዷ «ቁራሹ እጃቸው ላይ ነው» ትላለች። ሁለቱ ሰዎች ጌታ ጠፋብን ብለው አላለቀሱም፤ በዚያችው ሰዓት ተነሥተው፣ መሽቶ እያለ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። እኛ ያለነው ያ ማዕድ ላይ ነው። ዓይኑን ስናይ የነበርን ሰዎች ሳንሆን ቁራሹ የተሰጠን ነን። ይህን አንድ ታሪክ በዓመት አራት አምስት ጊዜ መልሶ መላልሶ ማንበብ ሠላሳ ጥያቄና መልስ ከማስጠናት ይበልጣል።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ወላጆች እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። «ምሥጢር» ስንል ልጅ የሚገባት «ለማንም የማይነገር» ነገር ነው፤ እኛ ግን የምንለው የማይታየው ጸጋ በሚታይ ነገር የሚሰጥበትን፣ ተነግሮ የማያልቀውን ነው። ልዩነቱን አንድ ጊዜ በግልጽ ይንገሯት። «ቅዱስ ቁርባን የኢየሱስ ምልክት ነው» አይበሉ። ምልክትነት አለው፤ ምልክት ብቻ ሲባል ግን ልጅ የምታስበው ፎቶግራፍን ነው፤ ፎቶግራፍ ውስጥ ደግሞ ማንም የለም። «ኢየሱስ ዳቦው ውስጥ አለ» ማለትም ትክክል አይደለም፤ ይህን የሰማ ልጅ በከረጢት ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ሰው ያስባል። ከተለወጠ በኋላ ዳቦ የለም፤ የዳቦ መልክ ያለው ኢየሱስ ራሱ ነው፤ በእያንዳንዱ ቁራሽም ሙሉ ነው። አማርኛችን ለዚህ ትምህርት የሚያግዝ ስጦታ አለው፦ «ቀረበ»፣ «ቅርብ»፣ «ቆረበ»፣ «ቁርባን» አንድ ሥር ያላቸው ቃላት ናቸው። ልጆች ቃላቱን በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፈው የጋራ ፊደላቱን ሲያከብቡ ነገሩ ፊታቸው ላይ ሲበራ አይቻለሁ። መቁረብ መቅረብ ነው፤ ደግሞም ቀድሞ የቀረበው እርሱ ነው።

ለአራት ዓመቱ ልጅ መልስ አይጡ፤ «አዎ» ይበሉት። ጌታ ራሱ «እንካችሁ፣ ብሉ» ብሏል። ከዚያ «ግን እንደ ምግብ ቆራርጠን አይደለም፤ ኢየሱስ ሕያው ነው፣ ሙሉውን ወደ እኛ ይመጣል» ብለው ይጨምሩ። ትልልቆቹ ልጆች «ሲታኘክ ያመዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። አያመውም፤ ከሞት የተነሣው ጌታ ዳግመኛ አይሞትም፣ አይታመምም፤ የሚቈረሰው የሚታየው መልክ እንጂ እርሱ አይደለም። ጥያቄው የሚያስቅ ቢመስልም አይሳቁ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 በቅፍርናሆም የነበሩት አዋቂዎች የጠየቁትም ይህንኑ ነበር፤ «ይህ ሰው ሥጋውን ልንበላ ይሰጠን ዘንድ እንዴት ይችላል?» ብለው ተከራከሩ፤ ከደቀ መዛሙርቱም ብዙዎቹ ጥለውት ሄዱ። ጌታ ግን «ኧረ ለምሳሌ ያህል ነው የተናገርሁት» ብሎ አልመለሳቸውም። ዐሥራ ሁለቱንም «እናንተስ?» አላቸው።

ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ እንለፍ። «ዐሥራ ሁለት ዓመት ይሙላት» የሚለው አዲስ አሳብ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዘመን ስትታገለው ቆይታ የዘጋችው በር ነው። አራተኛው የላተራን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1215 መልካምንና ክፉን ወደ መለየት ዕድሜ የደረሰ ምእመን ሁሉ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲናዘዝና በፋሲካ እንዲቆርብ ደነገገ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ምዕተ ዓመታት ግን በብዙ ቦታ ዕድሜው እየተገፋ ወደ ዐሥር፣ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ አራት፣ ከዚያም በላይ ደረሰ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 1910 ባስወጡት ድንጋጌ ይህን ሻሩ፦ የመለየት ዕድሜ ሰባት ዓመት ገደማ ነው፤ ልጁ እንደ አቅሙ ዋና ዋናዎቹን የእምነት ምሥጢራት ካወቀና ቅዱስ ቁርባንን ከተራ ዳቦ መለየት ከቻለ ይበቃዋል፤ ሙሉ ዕውቀት እስኪኖረው መጠበቅ አይገባም። ድንጋጌው ያረመው ዋና ስሕተት ቁርባንን ለደካማ ሰው እንደ ተሰጠ መድኃኒት ሳይሆን ለጎበዝ እንደ ሽልማት መቁጠርን ነው። አሁን የሚሠራበት ሕገ ቀኖናም በቁጥር 913 ይህንኑ መንፈስ ይዟል። የምሥራቅ ሥርዓት በሚከተሉ ካቶሊካውያን ዘንድ ደግሞ ሕፃናት ከጥምቀትና ከሜሮን ጋር ቁርባን የሚቀበሉበት ጥንታዊ ሥርዓት አለ። ስለዚህ «እስኪገባት» የሚለው መስፈርት በየትኛውም በኩል አይቆምም። ለነገሩ፣ ለማን ነው ሙሉ በሙሉ የገባው? ባለቤትዎ ልክ የሆኑት በአንድ ነገር ነው፤ ልጅን እያስገደዱ ማስወደድ አይቻልም። ከዚህ የሚከተለው ግን አሠራሩን መቀየር እንጂ ልጅቷን ከማዕዱ ማራቅ አይደለም።

አሁን ወደ ሐሙሱ ሰዓት። ይህን በቀጥታ እናገራለሁ፦ ለስምንት ዓመት ልጅ የአንድ ሰዓት ዝምታ ከአቅም በላይ ነው። አንድ ሰዓት የእርስዎ አምልኮ ነው፤ የእርሷ አይደለም። በየሳምንቱ ስድሳ ደቂቃ ስትቁነጠነጥ የምትማረው ነገር አለ፤ ጌታ ፊት መሆን አሰልቺ እንደሆነና ጥሩ ነገር የሚመጣው በሩ ሲከፈት እንደሆነ ነው። ይህን ትምህርት በኋላ ማስረሳት ከባድ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ምናልባት ይህ ይበልጥ ይከብድዎት ይሆናል። ሐሙስን በሰዓቱ ይደርሳሉ፣ እሑድን ያረፍዳሉ። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ለቅዱስ ቁርባን የሚደረገው ስግደት ከቅዳሴ የሚፈልቅና ወደ ቅዳሴ የሚመለስ ነው፤ ራሱን ችሎ የቆመ ሌላ ምንጭ የለውም። የቫቲካን ሁለተኛው ጉባኤ «የክርስቲያናዊ ሕይወት ሁሉ ምንጭና ጫፍ» ያለው የቅዱስ ቁርባንን መሥዋዕት ነው። ንባቡ ያመለጣት ልጅ ማዕዱ ላይ የምትደርሰው ታሪኩን ሳትሰማ ነው፤ የኤማሁስ ሰዎች እንኳ መጀመሪያ ልባቸው የተቃጠለው በመንገድ ላይ መጻሕፍትን ሲተረጉምላቸው ነበር። የቦታም ጉዳይ አለ። ዘግይቶ የመጣ ቤተሰብ ከኋላ ይቆማል፤ ከኋላ የቆመች ልጅ ሰዓቱን ሙሉ የምታየው የሰው ጀርባ ነው። አንድ እሑድ ጎንበስ ብለው በእርሷ ቁመት ይመልከቱ። ኮትና የእጅ ቦርሳ እንጂ መንበሩ አይታይም። ከዚያ ሆና «ሁልጊዜ ያው ነው» ብትል ማን ይፈርድባታል?

ለልጅ የሚሆነው ጉብኝት አምስት ደቂቃ ነው፤ ሰዓት ይዤ ነው የምላችሁ። እኔ የማስተምረው ከሳሙኤል ታሪክ ተነሥቼ ነው። አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 ላይ ብላቴናው የእግዚአብሔር ታቦት ባለበት በመቅደስ ተኝቷል፤ የእግዚአብሔር መብራትም ገና አልጠፋም። ስሙ ሲጠራ ተነሥቶ ወደ ዔሊ ይሮጣል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የጠራው ማን እንደሆነ አላወቀም፤ ዕድሜው ሁሉ በመቅደስ ውስጥ ያለፈ ልጅ ነው፣ ግን አላወቀም። ዔሊ በሦስተኛው ጊዜ ሲገባው ረጅም ትምህርት አልሰጠውም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር አስያዘውና መልሶ አስተኛው፦ «አቤቱ፣ ባሪያህ ይሰማልና ተናገር።» የእናትና የአባት ሥራ ከዚህ አያልፍም። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዱስ ቁርባኑ በሚጠበቅበት ሳጥን አጠገብ ሳይጠፋ የሚበራውን መብራት ያሳዩአት። ሕገ ቀኖና በቁጥር 940 ላይ ያዘዘው ይህ መብራት የቆመው ለጌጥ አይደለም፤ «አለ» ማለት ነው። ስትገቡ እርስዎ ቀድመው፣ ቀስ ብለው፣ ጉልበትዎ መሬት እስኪነካ ይንበርከኩ፤ ወይም በሥርዓታችሁ መሠረት ዝቅ ብለው ይስገዱ። እየተራመዱ የሚደረገው፣ ወንበር ለመያዝ የሚቸኩለው ግማሽ እጥፋት ለልጅ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። ለመስቀልና ለቅዱሳን ሥዕል የምናቀርበው የአክብሮት ስግደት ሲሆን እዚህ የምናቀርበው ግን ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን የአምልኮ ስግደት ነው፤ ይህን ልዩነት ልጅ ከማብራሪያ በፊት ከእርስዎ ጉልበት ታነበዋለች። ከዚያ ተቀመጡ። እርሷ የራሷን አንድ ዓረፍተ ነገር ትበል፤ ጮክ ብላ ወይም በልቧ። አንድ ደቂቃ ዝም በሉ። ውጡ። ገና መቆየት ስትፈልግ ብትወጡ ይሻላል።

እዚያ ውስጥ ሳላችሁ አያስተምሩ። ጆሮዋ ላይ እያንሾካሾኩ «አሁን እንዲህ በዪ፣ አሁን ለአያትሽ ጸልዪ» ማለት የእርሷን ንግግር መቀማት ነው። ብትቁነጠነጥም ችላ ይበሉ፤ ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ነው፣ ጌታም እንዲሁ። በፖርቱጋል ፋጢማ እመቤታችንን አየን ካሉት ልጆች አንዱ የሆነው ፍራንሲስኮ ማርቶ ገና ዐሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላው እ.ኤ.አ. በ1919 ያረፈ ልጅ ነው፤ ቅዱስ ቁርባንን «የተሰወረው ኢየሱስ» እያለ ይጠራው ነበር፣ በፊቱም ረጅም ሰዓት ይቀመጥ ነበር። ይህን ለልጅዎ ሊነግሯት ይችላሉ። ጥንቃቄው ግን ይህ ነው፦ ፍራንሲስኮ በፈቃዱ ነበር የሚገባው። ሰባት ዓመቱ ላይ የመጀመሪያ ቁርባኑን ተቀብሎ በ15 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ያረፈውና በ2025 ቅድስናው የታወጀው ካርሎ አኩቲስም በየዕለቱ ወደ ቅዳሴ ይሄድ የነበረው በራሱ ፍላጎት ነው፤ እንዲያውም ወላጆቹን የሳበው እርሱ ነበር። የእነዚህን ቅዱሳን ልጆች ታሪክ «አየሽ፣ እርሱ እንዳንቺ አልነበረም» ለማለት ከተጠቀሙበት ታሪኩ ዱላ ይሆናል።

ስለ አያት። «ጌታ ይቀየምሻል» የሚለው ቃል ከዚህ ቤት መውጣት አለበት፤ በአክብሮት፣ ልጅቷ በሌለችበት፣ ግን በማያሻማ መንገድ ይንገሯቸው። በፍርሃት የቆረበ ልጅ ፍርሃቱ ሲለቀው ቁርባኑንም አብሮ ይለቀዋል። ደም ስለ ፈሰሰው ቁርባን የሚነገሩት ትረካዎች ደግሞ፣ ቤተ ክርስቲያን በጥንቃቄ የመረመረቻቸውም ቢሆኑ፣ የእምነታችን መሠረት አይደሉም፤ በእነርሱ እንዲያምን የሚገደድ ካቶሊክ የለም። በልጅዎ ዕድሜ ላለ ልጅ ባይነገሩ እመርጣለሁ። ምክንያቴ ሁለት ነው፦ አንዳንዱ ልጅ ሌሊት ይባንናል፤ ሌላው ደግሞ ምንም ደም የማይታይበት የእሑዱ ቅዳሴ የተጓደለ ይመስለዋል። ዐሥርና ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ብትሰማው አይከፋም።

ከአያት ፍርሃት ጋር የሚያያዘው የንስሐ ጉዳይ ነው። ከመጀመሪያው ቁርባን በፊት ኑዛዜ መቅደም እንዳለበት ሕገ ቀኖና ቁጥር 914 ይደነግጋል። ከዚያ በኋላ ግን ከወንድሟ ጋር ስለ ተጣላች ወይም ስለ ዋሸች «ዛሬ አትቁረቢ» ማለት የእርስዎም የአያትም ሥልጣን አይደለም። ከቁርባን የሚከለክለው ከባድ ኃጢአት ነው፤ ለዚያም ነገሩ ከባድ መሆን፣ ሙሉ ዕውቀትና ሙሉ ፈቃድ ሦስቱም መሟላት አለባቸው። ቀላሉን ኃጢአት ቁርባን ራሱ ያነጻዋል። ይህ ማለት ኑዛዜ ይቅር ማለት አይደለም፤ ከላይ በጠቀስሁት የአደባባይ ውይይት ላይ አንዲት ልጅ ያው ኃጢአት እየተደጋገመ ለምን እናዘዛለሁ ብላ ስትጠይቅ፣ ቆሻሻው ያው ቢሆንም ቤታችንን በየሳምንቱ እናጸዳ የለም ወይ የሚል መልስ ነበር ያገኘችው። በወር አንድ ጊዜ ቢሆን ጥሩ ልማድ ነው። ጾሙን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል፦ የሚቆጠረው አንድ ሰዓት ከቅዳሴው መጀመሪያ በፊት ሳይሆን ከመቁረብ በፊት ነው፤ ውኃና መድኃኒት ጾም አያፈርስም።

ለትንሹ ወንድሟ ትምህርቱ በእጅ ነው የሚገባው። ሶፊያ ካቫሌቲና ጃና ጎቢ እ.ኤ.አ. በ1954 ሮም ውስጥ፣ ልጅ በእጁ እየሠራ በሚማርበት በሞንቴሶሪ መንገድ የጀመሩት የሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ ለሦስት ዓመት ልጅ በቁመቱ የተሠራ ትንሽ መንበር፣ ትንሽ ጽዋ፣ ትንሽ ጻሕል ያቀርባል፤ ልጁ አንሥቶ ያስቀምጣል፣ ስሙን ይማራል። ይህን በቤት ውስጥ በካርቶንና በእንጨት መሥራት ይቻላል። እርሱ ቅዳሴ ላይ ካህኑ ጽዋውን ሲያነሣ «ያ ነው!» ብሎ ቢጮህ ደስ ይበልዎት። አንድ ገደብ ብቻ ያስምሩ፦ በጨዋታው ላይ የሚቀርበው ዳቦ ዳቦ መሆኑን ይንገሩት፤ «ይህ መለማመጃ ነው፣ ያኛው ጌታ ነው።»

እንግዲህ ውሳኔዬን ላስቀምጥ። ለሦስት ወር የሐሙሱን ሰዓት ለልጅቷ ያቁሙላት። ቅዳሜ ማታ የእሑዱን ወንጌል አንድ ጊዜ ያንብቡ፤ ሳይተረጉሙ፣ «የትኛው ቃል ቀረልሽ?» ብለው ብቻ ይጠይቁ። እሑድ ከዐሥር ደቂቃ በፊት ደርሳችሁ ከፊት ተቀመጡ። ባለቤትዎም አብረው ይምጡ፤ አባት ሲንበረከክ ማየት ምንም የማይተካው ነገር ነው። ከቁርባን በኋላ የራሷ አንዲት አጭር የምስጋና ጸሎት ይኑራት፤ እርሷ የመረጠቻት። ቅዳሴው ሲያልቅ ሰዉ እየወጣ ሳለ ያቺን አምስት ደቂቃ መብራቱ ፊት አሳልፉ። ሌላ ምንም አይጨምሩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ፍቅሩ መቼ እንደሚበቅል ማንም ሊነግርዎ አይችልም፤ እምነት ስጦታ ነው፣ በወላጅ ጥረት ብቻ የሚታዘዝ ነገር አይደለም። አንዳንድ ልጆች ደግሞ በተፈጥሯቸው ዝም ብሎ መቀመጥ ፈጽሞ አይሆንላቸውም፤ ልጅዎ በትምህርት ቤትም በምግብ ሰዓትም እንዲሁ ከሆነች ነገሩ የመንፈሳዊነት ጉድለት ስላልሆነ ከቁምስናው ካህንና ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት።

ሐሙስ ግን አይቅሩ። ብቻዎን ይሂዱ፣ ሰዓትዎን ሙሉ ይቀመጡ። ሲወጡ «የት ነው የምትሄጂው?» ብላ ከጠየቀች «ጌታ ጋ» ይበሏትና በሩን ይዝጉ። «እኔስ?» ካለች ይዘዋት ይሂዱ፤ አምስት ደቂቃ ሲሞላ የሚወስዳት ሰው ግን በር ላይ ይጠብቃት።